የፈረስ ስምና የአደባባይ መፈክር

በኢትዮጵያ የጦርነት ታሪክ የአንድ ሰው መፈክር በአብዛኛው የሚገኘው በፈረስ ስሙ ነው። መኳንንቱ ከመጠሪያ ስማቸው ሌላ «አባ» ብሎ የሚጀምር ስም ነበራቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። ስሙ የፈረሱ ይባል እንጂ የሚናገረው ስለ ጌታው ነው፤ ባለቤቱ በጦር ሜዳ ምን ሆኖ ሊታወቅ እንደሚሻ ያሳውቃል። ወታደሩም ሲፎክር «የዳኘው አሽከር!» ብሎ የማን እንደሆነና ለማን እንደሚሞት በሁለት ቃል ይጨርሰዋል።

ዛሬ ወልቂጤ ባለችበት አካባቢ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ዓይነት ጥሪ ተጋጥሟል። የምኒልክን ሠራዊት ይዘው ቀቤና የዘመቱት ራስ ጎበና ዳጬ በአባ ጥጉነት የሚፎከርላቸው መስፍን ነበሩ። የቀቤናው መሪ ሐሰን እንጃሞ ግን ተከታዮቻቸውን ያሰባሰቡት በጂሃድ ጥሪ ነው። በአንደኛው ሰልፍ የጌታ ስም፣ በሌላው እምነት ሰው አስከተለ። ድሉ የጎበና ሆነ።

በእነዚያ የደቡብ ዘመቻዎች የተማረኩ ልጆች በኋላ የራሳቸውን የፈረስ ስም ማስጠራታቸው ልብ ይነካል። ከጉራጌ ጎረቤት ከጨቦ የተገኙት ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ አባ መላ የተባሉት ደግሞ ከክንዳቸው ይልቅ በምክራቸው ነው። በልጅነታቸው ተማርከው በምኒልክ ቤት ያደጉት ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ፣ በአድዋ በመድፈኛነት ስማቸው ገነነ። በ1929 ዓ.ም. በስተርጅና ዘመናቸው ጣሊያንን ሲዋጉ ወደቁ። ተማርኮ ያደገ ብላቴና የማራኪዎቹን ልማድ የራሱ አድርጎ እስከ ሞት ድረስ ጠብቆታል።

የመንግሥቱ መፈክር ለረጅም ጊዜ በማኅተም ላይ የተጻፈው «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ነበር። ሕዝቡ በጆሮው የሚሰማው ግን የነጋሪት አዋጅ ነው። ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ባስነገሩት ክተት ጉልበት ያለው ሁሉ እንዲከተላቸው አዘው፣ ለቀረው ሰው አማላጅ እንደማይሰሙ በማርያም ማሉ። ንጉሡ በራሳቸው አፍ የማሉት መሐላ መፈክር ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ ሠርቷል።

አጭር ሐረግ አትሞ ለመላው ሕዝብ ማሰራጨት የአውሮፓ ልማድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 ፈረንሳዮች በቬርደን «አያልፉም» አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የማድሪድ ተከላካዮች ያንኑ ቃል በራሳቸው ቋንቋ መልሰው አሰሙት።

በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ መፈክር የገነነው በደርግ ዘመን ነው። በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ትቅደም» ሲባል «ያለ ምንም ደም» የሚል ቃል አብሮት ይሰማ ነበር፤ ሆኖም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተገደሉ። ያ ቃል ከዚያ ሌሊት በኋላ እምነት የሚጣልበት አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወር «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» እና «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» ተከተሉ። ያን ጊዜ ወልቂጤ በጨቦና ጉራጌ፣ ቡታጅራ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር፣ ሁለቱም በሸዋ ክፍለ ሀገር ነበሩ። እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ በእነርሱም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚዘጋው በመፈክሩ ነበር፤ ጉዳዩ የቤት ኪራይም ሆነ የጉዞ ፈቃድ፣ ግርጌው ላይ ሞት ተጽፎበታል። ጦርነቱ በየዕለቱ ኑሮ ውስጥ የገባው በዚህ መንገድ ጭምር ነው።

የግል ስም የአደባባይ የሆነበት ጊዜም አለ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የተሰየመው በራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በ1969 ዓ.ም. በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሚሊሺያ የሠለጠነበት ሠፈርም ታጠቅ ይባል ነበር፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ካደረገው ጦር ጋር እነዚህ ሚሊሺያዎች ተሰልፈዋል። የሞት መፈክሩ ከደብዳቤ ግርጌ የጠፋው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከደርግ ጋር ነው።