ሰማይ ላይ የቆመችው መንኮራኩርና የልጆቻችን ጥያቄ



የመሐል ሜዳ ብርድ ሰውን በጊዜ ወደ ቤቱ ይሰበስባል። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ባና ለብሰን ምድጃ ዳር ስንቀመጥ የልጆቼ ዓይን የሚያርፈው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። አብልጠው የሚወዱትም የጠፈር መንኮራኩርና ዘንዶ የሚታይበትን ፊልም ነው። እኔ ቀድሞ «ይሄ ውሸት ነው!» ብዬ አጠፋባቸው ነበር። ትልቁ ልጄ ግን ጎረቤት እያመሸ ማየቱን ቀጠለ። እዚያ ደግሞ ስላየው ነገር የሚያወያየው ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ሲገባኝ አብሬው ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ።

አብረን ካየናቸው አንዱ «ክራምብስ» ይባላል፤ ፍርፋሪ ማለት ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ አገራችን ውስጥ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው፣ በአማርኛ የሚነገር ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል። ሥልጣኔ ካከተመ በኋላ ሰማይ ላይ ለዘመናት ቆማ የዛገች መንኮራኩር የመንቀሳቀስ ምልክት ታሳያለች፤ ሰውየውም ጉዞ ይጀምራል። ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አንዱ ዳሎል ነው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለውን ያንን ምድር ለእኛ ለደገኞቹ ሌላ ዓለም ነው ቢሉን እናምናለን።

እውነቱን ለመናገር ታሪኩ ዝግ ይላል፤ አንዳንዱም ቦታ አይያያዝም። አንድ ነገር ግን አልረሳውም። በዚያ ዘመን የፕላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ውድ ቅርስ ይቆጠራሉ። ሴቲቱም የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን የማይክል ጆርዳንን ምስል አስቀምጣ ትማጸናለች። ልጄ ሳቀ።

«አባ፣ ሰው ኳስ ተጫዋች ያመልካል እንዴ?»

«አንተስ ከአልጋህ በላይ የለጠፍከው የማንን ፎቶ ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። እኔም ስለ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) እና ስለማይናገሩት ጣዖታት አጫወትኩት። ያን ምሽት ያለ ቁጣ ተማረ።

ሁለተኛው «ዱን» ነው። ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን ልብ ወለድ ዴኒ ቪልነቭ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2024 በሁለት ክፍል ለፊልም አቅርቦታል። የበረሃው ሕዝብ ወጣቱን «ማህዲ»፣ «ሊሳን አል-ገይብ» እያለ ሲጠራው ልጄ የሚያውቀውን ቃል ሰምቶ ደስ አለው። «ገይብን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው፤ እዚህ ቃሉን ለተረት ተውሰውታል» አልኩት። ፊልሙ ራሱም ቢሆን ትንቢቱን አስቀድመው ያናፈሱት ሥልጣን ፈላጊዎች መሆናቸውን ያሳያል። የሰው ተስፋ እንዴት መነገጃ እንደሚሆን ለወጣት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ወላጆች ሆይ! ሁሉም ፊልም ለልጅ ይሆናል አልልም፤ እየመረጥን እናሳይ። የመረጥነውን ግን አብረን እንይ። ሲያልቅም «ሰዎቹ የሚፈሩት ማንን ነው? ተስፋቸውን የጣሉትስ በማን ላይ ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ልጄ ፎቶውን አላነሳውም፤ እኔም አንሣ አላልኩትም። በማግስቱ ማታ ግን ጎረቤት አላመሸም። «አባ፣ ዛሬስ ምን እናያለን?» አለኝ።