ሙቀት ነው ብላችሁ አትለፉት፦ በእርግዝና ጊዜ ስለሚመጣ የደም ግፊት



በአዋሽና በሰመራ ሙቀት የነፍሰ ጡር እግር ማበጡ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜም እግር ከፍ ሲል ይቀንሳል። እብጠቱ ፊትንና እጅን ከያዘ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱም ካልጎደለ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። እርግዝና ያመጣው የደም ግፊት እናትንም ልጅንም ለሞት የሚያደርስ በሽታ ስለሆነ ጠንቅቃችሁ እወቁት።

ችግሩ ከየት ይነሳል?

ፅንስ ምግብና ኦክስጂን የሚያገኘው በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። በጤናማ እርግዝና ወደ እንግዴ ልጅ ደም የሚወስዱት የእናቲቱ ደም ሥሮች እስከ 5ኛው ወር ገደማ እየሰፉ ይሄዳሉ። በአንዳንድ ሴቶች ግን እንደጠበቡ ይቀራሉ። ጠባብ ደም ሥር አንዴ ይኮማተራል፣ አንዴ ይላላል፤ ስለዚህ ደሙ አንዴ ያንሳል፣ አንዴ ይመለሳል።

ኦክስጂን ሲያጥር ጉዳት እንዳለ ማንም ይገምታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ኦክስጂኑ ድንገት ሲመለስም የሚደርሰውን ጉዳት ነው። ህዋሳቱ በእጥረቱ ጊዜ አሠራራቸውን ለውጠው ስለቆዩ የተመለሰውን ኦክስጂን በአግባቡ መጠቀም ያቅታቸዋል፤ ከፊሉም ህዋሳትን ወደሚጎዳ ነገር ይለወጣል። ደርቆ የተሰነጠቀ የመስኖ ቦይ የክረምት ጎርፍ ድንገት ሲገባበት ዳርና ዳሩ እንደሚናድ ማለት ነው።

የተጎዳው እንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች በመላ ሰውነቷ የሚገኙትን የደም ሥሮች ውስጠኛ ገበር ያውካሉ። ጤናማ ገበር ደም ሥርን የሚያላላ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ገበሩ ሲታወክ ይህ ይጓደላል፤ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ግፊቱም ይጨምራል። ገበሩ ማሾለክ ሲጀምር ሰውነት ያብጣል፤ በኩላሊት በኩልም ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል። ግፊት የሚለካውና ሽንት የሚመረመረው ለዚህ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልጋል።

ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች፦

• የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት
• የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭ ብልጭ ማለት
• ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም
• የፊትና የእጅ እብጠት
• የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ
• ራስን ስቶ መንቀጥቀጥ

መንቀጥቀጡን ልክፍት ነው ብሎ ቤት ማቆየት ሕይወት ያስከፍላል። ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለው መርፌ መንቀጥቀጥን ይከላከላል። በ1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2002) ውጤቱ የታወቀውና በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት መርፌው የመንቀጥቀጡን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በሽታው የሚለቀው ግን ሕፃኑና እንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታትም ሊነሳ ስለሚችል ምርመራውን አታቋርጡ።

ለሚቀጥለው እርግዝና

በሽታው አንዴ የያዛት እናት ድጋሚ ሊይዛት ይችላል። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ሳይሞላ አታርግዙ፤ ስታስቡም አስቀድማችሁ ተመርመሩ። ሐኪም በመጀመሪያዎቹ ወራት አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ሊያዝ ይችላል፤ በራሳችሁ ግን አትጀምሩ። ግፊት ያለባት ሴት ሁለት ሆርሞን የያዘውን የእርግዝና መከላከያ እንክብል መውሰድ የለባትም። ሉፕ ወይም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ይሻላታል።

አባወራዎች ሆይ! ሚስትዎ ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ አብረው ይምጡ፣ የግፊቷን ልክ ይጠይቁ። በሌሊት ቢብስባት በምን እንደምትሄድ ዛሬውኑ ተመካከሩ። ሰመራ ያላችሁ ዱብቲ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው፤ አዋሽ ያላችሁ ደግሞ ወዴት እንደምትላኩ ከጤና ጣቢያችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።