ጉሬዛና ከርከሮ ፊደል ሲያስተምሩ

ሕፃን ልጅ ፊደልን ከመለየቱ በፊት ሥዕልን ይለያል። የሦስት ዓመት ልጅ የበግ ሥዕል ቢያይ ማንም ሳያስተምረው «በግ» ይላል፤ «በ» የተባለውን ፊደል ግን የሚነግረው ሰው ካላገኘ ዓመት ሙሉ ቢያየው ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም። ሥዕል ነገሩን ራሱን ይመስላል፤ ፊደል ግን ሰዎች ተስማምተው ለድምፅ የሰጡት ምልክት ነው። ስለዚህ ከሚያውቀው ወደማያውቀው የሚያሻግር ድልድይ ያስፈልገዋል። ለጀማሪ አንባቢ ከሚሠሩት ድልድዮች አንዱና ዋነኛው የእንስሳት ሥዕል ያለበት ትንሽ መጽሐፍ ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ መጽሐፍ ነው። ነገሩን የምንመለከተውም ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ፣ ከደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ተነሥተን ነው። በዚያ አገር አንድ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ ንባብ ሲጀምር የሚገጥመው ችግር የብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን ችግር አጠቃልሎ ያሳያል። የሚያስደንቀው ግን ለመፍትሔው የሚረዳውም ነገር ከልጁ ደጃፍ፣ በዚያው በደኑ ውስጥ መገኘቱ ነው።

የአሳቡ መነሻ

የሞራቪያው ተወላጅ ኮሜኒየስ እ.ኤ.አ. በ1658 ዓ.ም. በኑረምበርግ ከተማ ያሳተመው የሥዕል መጽሐፍ በአውሮፓ ለሕፃናት ትምህርት ከተዘጋጁት ሥዕላዊ መጻሕፍት ቀዳሚው ተብሎ ይቆጠራል። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ፊደሎቹ የተደረደሩት ከድምፅ ጋራ ነው፤ ቁራው ሲጮኽ፣ ግልገሏ ስትጮኽ ተሥለው በአጠገባቸው ያንን ድምፅ የሚሰጠው ፊደል ተጽፏል። ልጁ የግልገሏን ድምፅ አስቀድሞ ከሜዳ ያውቀዋልና አዲስ የሚሆንበት ፊደሉ ብቻ ነው። ሊቁ የተመራበት አሳብ አጭር ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት እንግዳ ነገር ለሕፃን አታቅርብ ማለት ነው።

በአገራችን የንባብ ትምህርት ከጥንት ጀምሮ የተመሠረተው በፊደል ገበታ ላይ ነው። 33ቱ ፊደላት በየሰባት ቅርጻቸው ሲደረደሩ 231 ይሆናሉ። ልጁ በስንደዶ እያመለከተ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ ይወርድባቸዋል። ይህ ትምህርት ብዙ ሊቃውንትን ያፈራ ነውና ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ዜማውን በቃሉ የያዘ ልጅ ሁሉ አንባቢ ሆነ ማለት አይደለም። አስተማሪው ከመካከል አንዱን ፊደል ነጥሎ «ይህ ማነው?» ብሎ ሲጠይቀው ከመጀመሪያው ተነሥቶ ካልቆጠረ በቀር የማይመልስ ልጅ ብዙ ነው።

እንስሳን አስተማሪ ማድረግም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማታ በእሳት ዳር የሚነገረው ተረት ጅብንና አህያን፣ ጦጣንና አንበሳን እንደ ሰው ያናግራቸዋል። ከበደ ሚካኤልም «ታሪክና ምሳሌ» በተባሉት መጻሕፍታቸው የእንስሳትን ምሳሌ በግጥም አቅርበው ብዙ ትውልድ አስተምረዋል። ይሁን እንጂ ተረቱ የሚደመጥ፣ ምሳሌውም ማንበብ ለቻለ ሰው የተጻፈ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልጅ፣ ፊደሉን ቆጥሮ ገና ቃል መግጠም ያልቻለው፣ ለረጅም ጊዜ የራሱ መጽሐፍ አልነበረውም።

ችግሩ የሚጎላበት ስፍራ

እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክልሎች በተደረገ የንባብ ፈተና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቹ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም። ከዚህ በኋላ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ አዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። የቤንች፣ የሸኮ፣ የካፋና የሸካ ቋንቋዎች ግን ከእነዚህ ከሰባቱ መካከል አልነበሩም።

በደቡብ ምዕራብ ሌላም ችግር አለ። የቡና ለቀማ የሚጀምረው ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ወራት ነው። ቀዩን እሸት ቡና በጊዜው ያልለቀመ ቤተሰብ የዓመት ገቢውን ያጣልና ልጁም ከእናቱ ጋራ ቅርጫት ይዞ ይሰለፋል፤ ወይም ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ዝንጀሮና ጦጣ ይከላከላል። ፊደል የሚቆጠርባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ እየሆኑ ያልፋሉ። ከለቀማ በኋላ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ጓደኞቹ ቀድመውታል፤ እሱም አፍሮ ከኋላ ይቀመጣል። አንዳንዱ በዚሁ ምክንያት እስከ መጨረሻው ይቀራል። ለእንዲህ ያለው ልጅ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚጠፋው ትምህርት አይበቃውም። ማማው ላይ ይዞት የሚወጣ፣ አስተማሪ በሌለበት ሥዕሉ የሚያስታውሰው መጽሐፍ ያስፈልገዋል።

የደኑ አራዊት

እንግዲህ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሣል? ከሌላ አገር ተቀድተው የሚመጡት መጻሕፍት በበረዶ ላይ የሚኖሩ ወፎችንና ነጭ ድቦችን ያሳያሉ። ሥዕላቸው ያማረ ነው። ነገር ግን የቤንች ልጅ እንስሳውን አያውቀውም፤ ስሙንም አልሰማም፤ ፊደሉም አዲስ ነው። ሦስት እንግዳ በአንድ ጊዜ መጣበት ማለት ነው። ድልድዩ ራሱ ሌላ ድልድይ የሚፈልግ ሆነ።

ከአዲስ አበባ ወደ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሚዛን አገርና በሰሜኑ ያለው ቴፒ ግን የራሳቸው አራዊት አሏቸው። ቡናው የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለ ሆነ የቡናው ቦታና የአራዊቱ ቤት አንድ ነው። ከጥቂቶቹ እንጥቀስ።

ጉሬዛ አለ። ትልቁ ጥቁር ሆኖ ከትከሻው እስከ ጎኑ ነጭ ካባ የለበሰ ይመስላል፤ ሲወለድ ግን ሁለመናው ነጭ ነው። አውራ ጣት የለውም ለማለት ይቻላል፤ ሆኖም ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወረወር አይስትም። ነጭ ግልገል በጥቁር እናት እቅፍ ውስጥ የተሣለበትን ገጽ አይቶ «ለምን ነጭ ሆነ?» ብሎ የማይጠይቅ ልጅ አይገኝም።

ጥርኝ አለ። ቀን ተደብቆ ሌሊት ይወጣል። ዝባድ የሚባለው ሽቶ የሚገኘው ከእሱ ነው። የበሰለ ቡና መብላት ይወዳል፤ ሥጋውን ፈጭቶ ፍሬውን ስለማይፈጨው ዓይነ ምድር በሚጥልበት ቦታ የቡና ፍሬ ተከማችቶ ይገኛል። ስለዚህ ሌባም ነው፤ ዘሪም ነው። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ማሳየት ለልጅ ከባድ አይደለም።

በረጅሙ ዛፍ ላይ የሚኖር፣ ምንቃሩ እንደ ቀንድ የተለቀ ወፍም አለ። ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። እናቲቱ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች፤ በሩም በጭቃ ተመርጎ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል፤ ወንዱ በዚያች ቀዳዳ ፍሬ እያመጣ ያጎርሳታል። የዚህን ወፍ ስም የአገሩ ልጅ ከመጽሐፍ አዘጋጁ ይልቅ ያውቀዋል። ንቡም አለ፤ ቀፎው ከረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ አባቱ በገመድ ሲወጣበት ልጁ ከሥር ሆኖ ያያል።

ቃሉ ራሱ ሲያስተምር

እንስሳን መምረጥ ለሥዕሉ ብቻ ተብሎ የሚደረግ አይደለም። የስሙ ፊደላትም ሊታሰቡ ይገባል። «ጦጣ» የተባለውን ቃል እንመልከት። ሁለቱም ፊደላት ከ«ጠ» ዘር ናቸው፤ አንዱ ሰባተኛው፣ አንዱ አራተኛው ነው። ልጁ በአንዲት አጭር ቃል አንድ ፊደል መልኩን ሲለውጥ ድምፁም እንደሚለወጥ ይረዳል። «ጅብ» እና «ጃርት» ጎን ለጎን ሲቀመጡ «ጅ»ን ከ«ጃ» ይለያል። «ነብር» እና «ንብ» ሲቀመጡ «ነ»ን ከ«ን» ይለያል፤ «ብ» ግን በሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ሆና ያገኛታል። «ከርከሮ» ደግሞ «ከ»ን ሁለት ጊዜ ይደግማል፤ «ር» እና «ሮ»ን በአንድ ቃል ያሳያል። 231ዱን በዜማ ከመውረድ ጋራ እነዚህን አምስትና ስድስት ስሞች ያጠና ልጅ የፊደሉን ምሥጢር ያገኛል፤ ያልተማረውን ቃል ራሱ ለመግጠም ይደፍራል።

ሥዕል ለአማርኛ ሌላም አገልግሎት አለው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ዋና» ብለን ስንጽፍ በወንዝ የሚዋኙት ዋና ነው ወይስ ዋነኛው ነገር? ትልቅ ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ይረዳል፤ ጀማሪው ግን በወንዝ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ ከአጠገቡ ተሥሎ ካየ ወዲያው አላልቶ ያነበዋል።

ሥዕል ጉዳትም እንዳለው መርሳት አይገባም። ብልህ ልጅ ፊደሉን ትቶ ሥዕሉን አይቶ «ዝንጀሮ» ሊል ይችላል፤ አስተማሪውም አነበበልኝ ብሎ ይደሰታል። ይህ ንባብ ሳይሆን ግምት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ቃሉ ከሥዕሉ ጋራ ይውጣ፣ ከጥቂት ገጽ በኋላ ያው ቃል ያለ ሥዕል ይምጣ። ያን ጊዜ ልጁ ማንበቡና መገመቱ ይታወቃል።

የቋንቋው ነገር

ከላይ የተናገርነው ሁሉ አማርኛ ለሚያውቅ ልጅ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል። የቤንች ቋንቋ የቃሉን ትርጉም የሚለይበት በአፍ አወጣጥ ብቻ ሳይሆን በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ጭምር ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት አምስት የድምፅ ደረጃ ቆጥረውለታል፤ ይህም በዓለም ላይ ከጥቂት ቋንቋዎች በቀር የማይገኝ ነው። ካፊኖኖን የመሰሉት ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

ከዚህ የተነሣ አንድ መደምደሚያ እናገኛለን። ሥዕሉ ለሁሉም አንድ ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፉ ግን ከአማርኛ ተተርጉሞ አይበቃም። «ከርከሮ» የሚለው ስም ወደ ቤንችኛ ሲመለስ እንስሳው ያው ይሆናል፤ የ«ከ» እና የ«ር» ትምህርት ግን ይጠፋል። በቤንችኛ ፊደል የሚያስተምረው እንስሳ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህንንም መርጦ ሊያወጣ የሚችለው ቋንቋውን ከእናቱ የተማረ ሰው ብቻ ነው።

ከማጂ የተነሣ ሥራ

ከሚዛን በስተ ደቡብ በምትገኘው በማጂ ያደጉ አንዲት ደራሲ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ሥራ ሠርተዋል። ወይዘሮ ጄን ከርትዝ በሁለት ዓመታቸው ከወላጆቻቸው ጋራ ከአሜሪካ መጥተው የልጅነት ጊዜያቸውን በማጂ አሳለፉ፤ ኋላም የሕፃናት መጻሕፍት ደራሲ ሆኑ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በበኩላቸው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የሕፃናት መጽሐፍ ማጣታቸው ስላሳዘናቸው «ቂሉ ማሞ» የተባለውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለው ማኅበር ከእነዚህ ሰዎች ጥረት ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ ሠፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በሐዋሳ በኩል ደግሞ በአህያ የሚጎተት የመጻሕፍት ጋሪ ወደ ልጆች ሄደ። ወይዘሮ ጄን በኋላ «ሬዲ ሴት ጎ» በተባለው ሥራ ለጀማሪዎች የሚሆኑ አጫጭር ባለ ቀለም መጻሕፍት በአማርኛና በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ከእንግሊዝኛ ጋራ እንዲወጡ አድርገዋል።

እ.ኤ.አ. ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን የታየችው ቀጭኔዋ ፀሐይም ልጆች እንስሳን አስተማሪ አድርገው ለመቀበል ምን ያህል ዝግጁ እንደ ሆኑ አሳይታለች።

ወጣቱ ሊሠራው የሚችለው

ይህ ሁሉ ሲነገር አንባቢ «ማተሚያ ቤት የለን፤ ገንዘብ የለን፤ እኛ ምን ልናደርግ እንችላለን?» ይል ይሆናል። አንድ ትልቅ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍና ጠርዙ ሲቆረጥ 8 ቅጠል፣ ማለት 16 ገጽ ይሆናል። በክር ወይም በስቴፕለር መካከሉን ማሰር ነው። ለጀማሪ አንባቢ 16 ገጽ ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ እንስሳና ከአራት ቃል የማይበልጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር፤ ፊደሉ ጎላ ብሎ ይጻፍ፤ አንዱ ቃል በየገጹ ይደጋገም። ሥዕሉ በጥቁር መስመር ብቻ ቢሣል በፎቶ ኮፒ ይባዛል፤ ቀለሙን ልጆቹ ራሳቸው ይቀቡታል።

በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒ ወይም በቦንጋ ቢሮ የተቀመጠ ወጣት ሠራተኛ፣ በገጠር ትምህርት ቤት የተመደበ አስተማሪ፣ እነዚህ ሦስቱ ቢተባበሩ ለአንድ ቀበሌ የሚበቃ መጽሐፍ በአንድ የዕረፍት ወራት ሊያዘጋጁ ይችላሉ። አስቀድሞ ከሽማግሌዎች ዘንድ ሄዶ የአራዊቱን ስምና ጠባይ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቀጥሎም ሥዕሉን ለልጆች አሳይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት ነው። ልጆቹ የተለያየ ስም ከሰጡት ሥዕሉ አልሆነምና ይቀደድ፤ ሌላ ይሣል። ከሕፃን የበለጠ ቅን ፈራጅ አይገኝም።

ሥራው ከተጀመረ ደግሞ በለቀማ ወራት ቢታደል መልካም ነው። ያን ጊዜ ማማ ላይ የተቀመጠው ልጅ ወንጭፉን በአንድ እጁ፣ መጽሐፉን በሌላው ይዞ «ጦጣ» የሚለውን ቃል ያነባል፤ ቀና ሲልም ጦጣዋን ራሷን ከቡናው ላይ ያገኛታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ ከአራት ቃል የጀመረ ልጅ አንድ ቀን ሙሉ መጽሐፍ ያነባል፤ ከዚያም አልፎ የአገሩን አራዊት ታሪክ ራሱ ይጽፋል። የመጀመሪያውን ገጽ ማዘጋጀት ግን የእኛ፣ ማንበብ የቻልነው ሰዎች ዕዳ ነው።