የልጅነት ቡድን ለምን አይረሳም?

ኳስን በዱላ በመምታት የሚካሄደው ቤዝቦል በአሜሪካ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ፍቅር ነው። በልጅነቱ የወደደውን ቡድን እስከ ሽምግልናው የማይተው ደጋፊ ብዙ ነው። ውድ አንባብያን፣ የዚህ ጽናት ምንጭ ምን ይሆን?

እ.ኤ.አ. በ2014 የመረጃ ተንታኙ ሴዝ ስቲቨንስ-ዳቪዶዊትዝ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች የሚወዷቸውን ቡድኖች ከዕድሜያቸው ጋር አስተያየ። የኒው ዮርክ ሜትስ በ1962 እና በ1978 አካባቢ በተወለዱ ወንዶች ዘንድ በተለየ ሁኔታ ተወዳጅ ሆኖ ተገኘ። ቡድኑ ሻምፒዮን የሆነው በ1969 እና በ1986 ነበር፤ ያን ጊዜ እነዚህ ሰዎች የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ነበሩ።

ፍቅሩ ቢጸናም ትዝታው ግን ያዳላል። የቦስተን ሬድ ሶክስ እ.ኤ.አ. በ2003 በወሳኙ ጨዋታ በኒው ዮርክ ያንኪስ ተሸነፈ። በ2004 ግን በዚያው ተጋጣሚው ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ አራት ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸነፈ፤ ሻምፒዮንነቱንም ከ86 ዓመታት በኋላ አገኘ። ካሮሊን ብሬስሊንና ማርቲን ሴፈር በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ የሁለቱም ቡድኖች ደጋፊዎች ከሽንፈታቸው ይልቅ ድላቸውን አጥርተው ያስታውሱ ነበር። ድል ደጋግሞ ይወራል፤ በተወራ ቁጥርም በአእምሮ ይታተማል። ዝም የተባለ ሽንፈት ግን ይደበዝዛል።

እንግዲህ አንድ አረጋዊ ደጋፊ «በእኛ ዘመን ቡድናችን አይበገርም ነበር» ቢለን ዋሸ አንበል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራው የኖረውን፣ በቃል የጸናውን ልጅነቱን እየነገረን ነውና።