ስሙ የተፋቀ መጽሐፍ

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ለሚሄድ ሰው ክብራን ገብርኤል መንገዱ ላይ ነው። ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ ሴትም አይገባባትም። የዕቃ ቤቷ የብራና መጻሕፍት ግን ከጣና ገዳማት ሁሉ ስማቸው የገነነ ነው። ከእነርሱም አንዱ በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወይም በ15ኛው መጀመሪያ ግድም የተዘጋጀ ባለ ሥዕል ወንጌል ነው።

እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚታየው በወግ ነው። መጀመሪያ ከቆዳ ማኅደሩ ይወጣል፤ ቀጥሎ የእንጨት ገበታውና ድጉሱ፣ ከዚያ ጠርዙ በጣት ብዛት የጠቆረው ብራና ይመጣል። ጽሑፉ ጥቁር ነው፤ የቅዱሳን ስም ሲደርስ ቀለሙ ወደ ቀይ ይለወጣል። እኔን ዘወትር የሚስበኝ ግን ሥዕሉም ቀይ ቀለሙም አይደለም። መጨረሻ ላይ ወይም መግቢያው አጠገብ ባዶ በቀረው ቅጠል ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ እጅ የሚጻፈው አጭር ማስታወሻ ነው። መጽሐፉን ማን አጻፈው? ለየትኛው ደብር ሰጠው? በማን ዘመን? ከዚያ ውግዘቱ ይከተላል፤ የሰረቀው፣ የሸጠው፣ ስሙን የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል።

ስለ ጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢዎች ጨዋታ በተነሣ ቁጥር አንዱ ወገን ፍቅር ነው ይላል፤ ሌላው ስስት ነው ይላል። የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ማየት አይቻልምና ክርክሩ መቋጫ የለውም። ሊታይ የሚችል ነገር ግን አለ። ሰብሳቢው ዕቃውን ከየት፣ ከማን፣ እንዴት እንዳገኘው ጽፏል ወይስ ደብቋል? ጣና ዙሪያ ያለፉትን ሰብሳቢዎች ሁሉ በዚህ ጥያቄ ብንመረምራቸው መልካቸው በጣም ይለያያል።

የጣና ስብስብ የማንም ግለሰብ ሀብት ሆኖ አልተጀመረም። ነገሥታቱ፣ እቴጌዎቹና መኳንንቱ የሰጡት ስማቸው በቅዳሴና በጸሎት እንዲታሰብ ነበር። ዳጋ እስጢፋኖስ ውስጥ ያለው የእመቤታችን ሥዕል የፍሬ ጽዮን ሥራ ነው። ፍሬ ጽዮን በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረ መነኩሴ ሠዓሊ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ስማቸው ከተረፈልን ጥቂት ሠዓሊዎች አንዱ ነው። ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ራሳቸውን አስለዋል፤ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። ሰጪዋ ማን እንደሆኑ ማንም እንዳይስት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦርነት የደጋውን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል የዳነው ንዋየ ቅድሳት በብዛት ወደ ደሴቶቹ ተሻገረ። የውኃው ስፋት ዕቃ ቤቶቹን ከግንብ አጥር የበለጠ ጠበቃቸው።

ከዚያ የውጭ አገር ሰብሳቢዎች መጡ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ የምንትዋብን ግቢ ለመደ፣ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፣ ሲመለስም መጽሐፈ ሄኖክን በሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፤ ሌላው ኦክስፎርድ ገባ። አውሮጳ ለብዙ መቶ ዘመናት ጠፋብኝ ያለችው መጽሐፍ እዚህ የማንኛውም መጽሐፍ ሊቅ ንባብ ነበር። ብሩስ የፈለገው ዝና ነው፤ እሱም አልሸሸገውም።

ከብሩስ ይልቅ ልቤን የሚይዙት ሁለት ሌሎች ናቸው። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፕል ከሀብታም ቤተሰብ የወረሰውን ገንዘብ ለጉዞና ለስብስብ አዋለው። እ.ኤ.አ. በ1832 እና በ1833 ጎንደርና ጣና አካባቢ ቆይቶ መጻሕፍትም፣ አእዋፍም፣ ዓሣም ሰበሰበ። የባሕር ዳር ዓሣ አጥማጅ ዛሬም በየቀኑ ከመረቡ የሚያወጣቸውን በርካታ የጣና ዓሦች ለሳይንስ መጀመሪያ የገለጻቸው እሱ ነው። ናሙናዎቹ ፍራንክፈርት ሴንክንበርግ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ ስለ ጣና ዓሣ ዝርያ የሚከራከር ተመራማሪ ዛሬም ወደ እነርሱ ይመለሳል። ሁለተኛው ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ ነው። አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ተመላልሶ ከ230 በላይ የብራና መጻሕፍት አከማቸ፤ ያልተሸጠለትን በጸሐፊ አስገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመው ዝርዝር እያንዳንዱን መጽሐፍ በቁጥር ለይቶ ይዘቱን ያብራራል። መጻሕፍቱ ከአገር መውጣታቸው ያሳዝነኛል። ነገር ግን የት እንዳሉ እናውቃለን፤ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው ያሉት፤ አንባቢም ይደርስባቸዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሰው ግን ጣና ዳር የደረሰው ለመሰብሰብ ሳይሆን ለመልእክት ነው። ሆርሙዝድ ራሳም እ.ኤ.አ. በ1866 የእንግሊዝን ንግሥት ደብዳቤ ይዞ ወደ አፄ ቴዎድሮስ መጣና ቆራጣ ላይ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ እሱና ሌሎቹ አውሮጳውያን ዘጌ በንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ተያዙ፤ ኋላም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ይህ ሰው የሞሱል ተወላጅ ሲሆን፣ ከ13 ዓመት በፊት በነነዌ የአሦሩን ንጉሥ የአሹርባኒፓልን ቤተ መጻሕፍት ከአፈር ያወጣ ቆፋሪ ነበር። አሹርባኒፓል በ7ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከየአገሩ ያሰባሰባቸውን የሸክላ ሰሌዳዎች ግርጌያቸው ላይ በስሙ አስጽፏቸዋል። ሰሌዳውን የወሰደውን፣ በስሙ ምትክ የራሱን ስም የጻፈውን ሰው አማልክቱ ስሙንና ዘሩን ከምድር ያጥፉት ብሎ ይረግማል። ክብራን ካለው ውግዘት ጋር የሁለት ሺህ ዓመት ልዩነት አለው፤ ሥጋቱ ግን አንድ ነው።

ቴዎድሮስ ራሳቸውም ሰብሳቢ ነበሩ። መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የጎንደርን አድባራት መጻሕፍት አጋዙ፤ ወደ 1,000 ይጠጉ እንደነበር ይገመታል። የጎንደር ካህናት ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው ማሰብ አይከብድም፤ ለመቅደላ ያለን ቁጭት ይህንን ሊሸፍንብን አይገባም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ አወጣው። ከገዢዎቹ ግንባር ቀደሙ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የዘመተው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ለሙዚየሙ የገዛቸው 350 ያህል መጻሕፍት በዝርዝር ተመዘገቡ። አንዱን ዕቃ ግን ለራሱ አስቀረ።

ያ ዕቃ ኩርዓተ ርእሱ ነው። ክርስቶስ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአውሮጳ ሠዓሊ እጅ የተሠራ የእንጨት ሰሌዳ ሥዕል ነው። የጎንደር ነገሥታት ሲዘምቱ ያስከትሉት ነበር፤ መሐላ የሚፈጸመውም በፊቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 ከሱዳኑ የስናር መንግሥት ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ በቤዛ ተመልሷል። ሆልምስ ያገኘው ቴዎድሮስ ከሚተኙበት ክፍል ነው። አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፉ ሁለት ነገር ብቻ ለዩ፤ ክብረ ነገሥትንና ይህንን ሥዕል። ክብረ ነገሥት ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን ፈልገን አጣነው፣ እንግሊዝ አገር የገባም አይመስለንም የሚል መልስ መጣ። ሆልምስ በዚያን ጊዜ ዊንድዞር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ኃላፊ ነበር፤ ሥዕሉም በእጁ ነበር። ዝም አለ። እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 እንደገና ተሸጦ ፖርቱጋል በግል እጅ ገባ።

ሆልምስ ሥዕሉን ይወደው ነበር ቢባል አልከራከርም። ዋጋውንና ክብሩን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው። በደሉን የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ የጠፋ ዕቃ ባለቤቱ ፊት ለፊት ስሙን ጠርቶ ሲፈልገው እያወቀ አፉን ዘጋ። ዳባዲና ሆልምስ ሁለቱም ከኢትዮጵያ አወጡ፤ ሁለቱም አዋቂዎች ናቸው። በዝርዝሩና በዝምታው መካከል ያለው ርቀት ግን ለእኔ ከምንም በላይ ነው።

ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል የመራው ቡድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ከርሞ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ በቅጂ ተካቸው። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ከሁለት ዓመት በኋላ የጉዞ ማስታወሻውን በግልጽ አሳተመ፤ ስለ አሰባሰባቸው ዘዴ ዛሬ የምናውቀው ብዙው ከእሱ ከራሱ ብዕር ነው።

አሁን ወደ ብራናው እንመለስ። ገበያ የወጣ መጽሐፍ ቅጠሉ ወደ ብርሃን ሲያዘነብል አንዳንዴ አንድ ቦታ ላይ ይሻክራል። በስለት ተፍቋል ማለት ነው። ቀለሙ ሄዶ ጥላው ቀርቷል፤ ከላዩ ሌላ ስም በሌላ እጅ ተጽፏል። ፍቀት ሁሉ ስርቆት አይደለም። የጸሎት መጽሐፍ ከአባት ወደ ልጅ ወይም በግዢ ወደ ሌላ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት በጸሎቱ እንዲታሰብ የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ያስጽፋል፤ የቆየ ልማድ ነው። የደብሩ ስም የተፋቀ እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከዚያም የከፋ አለ፤ ሥዕል ያለባቸውን ቅጠሎች ከመጽሐፉ ገንጥሎ ለየብቻ ለቱሪስት መሸጥ፣ ወይም ያረጀ ብራና ላይ አዲስ ሥዕል ስሎ እንደ ጥንታዊ ማቅረብ። የተገነጠለ ቅጠል የሚገዛ ሰው ለራሱ ቅርስ ያዳነ ይመስለዋል። ገንጣዩ ግን ነገም እንዲገነጥል ዋጋ ቆርጦለታል።

የኛም ሰዎች በዚህ ታሪክ አሉበት። ሮተርዳም የሚኖረው ሲራክ አስፋው በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የጨለቆት ሥላሴን ዘውድ በእንግዳ ሻንጣ ውስጥ አገኘውና ቤቱ ለ21 ዓመት ደበቀው። ለማን አምኖ እንደሚሰጠው አላወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ አስረከበው። እሱም እንደ ሆልምስ ደብቋል፤ ነገር ግን ከየት እንደመጣ አልካደም፣ የራሴ ነውም አላለም። አሜሪካ ደግሞ ሐኪሙ አንድሬ ትዊድ ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ካበረከቱት ስብስብ ውስጥ የደብረ ሊባኖስ ገዳም መጽሐፍ ተገኘ፤ ዩኒቨርሲቲውም እ.ኤ.አ. በ2016 ለገዳሙ መለሰው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ግለሰብ ቅርስ እንዲይዝ አይከለክልም። እንዲያስመዘግብ፣ እንዲንከባከብ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳያወጣ ግን ያስገድደዋል። ባሕር ዳርና ጎንደር ውስጥ ከአያት የወረደ ዳዊት፣ የአንገት መስቀል፣ የነገሥታት ደብዳቤ፣ የድሮ ፎቶግራፍ በሳጥን ያኖረ ቤተሰብ ብዙ ነው። አብዛኛው አያስመዘግብም፤ ይወሰድብኛል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ከታሪካችን የተወለደ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም፤ በጉልበት ሳይሆን ባለቤቱን በማክበር ነው የሚሸነፈው።

ጀርመናዊው ኤርንስት ሃመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 ጣና ሲመጣ ያደረገው ሌላ ነገር ነበር። 182 የገዳማት መጻሕፍትን በፎቶግራፍ አነሣ፤ መጻሕፍቱን እዚያው ተወ። ዝርዝራቸው በሦስት ቅጽ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1999 ታተመ፤ የመጨረሻውን ያዘጋጀችው ቬሮኒካ ሲክስ ናት። ስለዚህ ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱ ነገ በየትኛውም ከተማ ጨረታ ላይ ቢቀርብ፣ የደብሩ ስም ቢፋቅ እንኳ፣ ከፎቶው ጋር ቅጠል በቅጠል ተመሳክሮ የክብራን ወይም የዳጋ ነው ሊባል ይችላል። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያለው ዳዊት ግን እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። ዳዊቱን ከፍቶ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል በእጅ ስልክ ማንሣት፣ ከአያት የተሰማውንም ከማን እንደመጣ በወረቀት ጽፎ አብሮ ማኖር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።