ሸርጣኑን ቆፍራችሁ አታውጡት

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤተሰብ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ እንደ ሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ ባሉ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ባሕታዊ ሸርጣን ከመነጽርና ከኮፍያ ጎን ይሸጣል። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው፤ አንዳንዱ ሻጭ የሽቦ ሳጥኑን ለገዛ ሸርጣኑን በነጻ ይመርቃል። የተሸከመው ዛጎል ቀይ ወይም ሰማያዊ ተቀብቷል። ልጅ ያለቅሳል፣ ወላጅ ይገዛል፤ ሻጩም «ምንም አያስቸግርም» ብሎ ይሸኛቸዋል።

ያስቸግራል። በብዛት የሚሸጠው የካሪቢያኑ ዝርያ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኮኖቢታ ክሊፒያተስ፣ ኑሮው የብስ ላይ ይሁን እንጂ የሚተነፍሰው በስንጥብ ነው። ስንጥቡ ደግሞ የሚሠራው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ማሞቂያና ኤር ኮንዲሽነር ያደረቀው የቤት አየር በሽቦው ቀዳዳ እየገባ እንስሳውን ቀስ በቀስ ያፍነዋል። ቶሎ ስለማይሞት ባለቤቱ በምን እንደሞተ እንኳ አይገባውም። ስለዚህ የሽቦ ሳጥኑ ይቅር። ክዳን ያለው የመስታወት አኳሪየም፣ የእርጥበት መለኪያና ቴርሞሜትር ግዙ። እርጥበቱ 80 በመቶ ገደማ፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን።

ውኃም በሁለት ሳህን ይቀርብለታል፤ አንዱ ጨው አልባ፣ ሌላው ጨዋማ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ መወገድ አለበት። ጨውም ለባሕር ዓሣ አኳሪየም የሚሸጠው እንጂ የወጥ ቤቱ አይሆንም። ሸርጣኑ ይህን ውኃ ጠጥቶ ብቻ አይተወውም፤ በዛጎሉ ውስጥ ይዞት እየዞረ ስንጥቡንና ለስላሳ ሆዱን ያርስበታል። በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚኖረው ዘመዱ ኮኖቢታ ስኬቮላ በዚያ ደረቅ አሸዋ ላይ የሚዘልቀው፣ በጨለማ ወደ ባሕሩ ወርዶ የዛጎሉን ውኃ እያደሰ ነው።

ዛጎሉን የሠራው እሱ አይደለም፤ የሞተ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ባደገ ቁጥር ሰፋ ያለ ስለሚፈልግ፣ ቀለም ያልነካቸው፣ አፋቸው ክብ የሆኑ ጥቂት ባዶ ዛጎሎች አስቀምጡለት። ቀለሙ እየተላጠ ከምግቡ ጋር ይገባል። ቤት ሲመርጥ ማየት ደስ ይላል፦ ዛጎሉን በእግሮቹ ያገላብጣል፣ አንቴናውን ወደ ውስጥ ሰድዶ ይፈትሻል፣ የገባ አሸዋ ካለ ይጠርጋል። ከዚያ ጠምዘዝ ያለ ራቁት ሆዱን ከአሮጌው መዝዞ ዓይን እስኪጨፈን አዲሱ ውስጥ ይሰካዋል። አንዳንዴ አይመቸውም፤ ተመልሶ ይገባል። በዱር አንድ ትልቅ ባዶ ዛጎል ሲገኝ ሸርጣኖቹ በቁመት ይሰለፉና ትልቁ ሲለቅ ተከታዩ እየገባ ሰልፉ በሙሉ ቤት ይቀያይራል።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ግን ሸርጣኑ ቅርፊት ሲቀይር ነው። የሰውነቱ ጠንካራ ሽፋን አብሮት ስለማያድግ፣ በየጊዜው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ያወልቀዋል። ለዚህ አምስት እጅ አሸዋና አንድ እጅ የኮኮናት ቃጫ ደባልቁ፤ ሲጨብጡት ቅርጽ እስኪይዝ አርጥቡት፤ ጥልቀቱም ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሸርጣኑ ከታች ዋሻ ሠርቶ ለሳምንታት፣ ትልቅ ከሆነም ከሁለት ወር በላይ ይጠፋል። ባለቤቱ «ሞቷል» ብሎ ሲቆፍር ዋሻው ይደረመስና ገና ያልጠነከረውን ገላ ይጎዳዋል። ስንቱ ሸርጣን በአዘኔታ ተገድሏል! አሸዋው ላይ እግርና መቆንጠጫ ያለው ነገር ብታገኙም አትደንግጡ፤ ባዶ ከሆነ የወለቀ ቅርፊት ነው። ካልሲየሙን መልሶ ስለሚበላው እዚያው ተዉለት። የሞተ ሸርጣን ማንም በማይስተው የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ይታወቃል።

ምግቡ አያሳስብም፦ ጨውና ቅመም ያልነካው እንቁላል፣ ዓሣ፣ ፍራፍሬ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይበላል። ብቻውን ግን አታኑሩት፤ በዱር ኑሮው በመንጋ ነው።

እጮቹ የሚያድጉት ባሕር ውስጥ በመሆኑ በሰው እጅ ማራባት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በመሆኑም በገበያ የምታዩት ሸርጣን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዱር የተለቀመ ነው። በአግባቡ ከተያዘ ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ከሱቅ የሚወጣው አብዛኛው ግን ያን ያህል አይቆይም። ልጃችሁ ከጨቀጨቀ ከሱቁ አትግዙ፤ ማሳደግ የሰለቸው ሰው ፈልጋችሁ ተረከቡ። እናንተም ከሰለቻችሁ ለሌላ ስጡት እንጂ ኦሽን ሲቲ ዳርቻ ወስዳችሁ አትልቀቁት፤ የዚያን አገር ቅዝቃዜ አይችለውም።