የሱዳ ጌሞች፣ በራሱ እጅና በሌሎች እጅ

«ሮሚዮ ኢዝ ኤ ዴድ ማን» በጁን 2025 ሲተዋወቅ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቪዲዮውን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ደሙንና ቀለሙን ነው። እኔን ደስ ያሰኘኝ ግን የአዘጋጆቹ ስም ዝርዝር ነው፤ ጎይቺ ሱዳ ከሬን ያማዛኪ ጋር ሆኖ ጌሙን በዳይሬክተርነት ይዞታል። ሱዳ51 በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ጃፓናዊ ስሙ ያልተጠራበት የስቱዲዮው የግራስሆፐር ማኑፋክቸር ጌም የለም ማለት ይቻላል። ራሱ የመራቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው፤ ከ2007ቱ «ኖ ሞር ሂሮስ» እስከ 2019ኙ «ትራቪስ ስትራይክስ አጌን» ድረስ የዳይሬክተርነቱን ሥራ በአብዛኛው ለሌሎች ትቶት ነበር። የሱዳን ጌሞች ደረጃ ለማውጣት የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ልዩነት ቢያስቡበት ክርክሩ ግማሹ ያልቅ ነበር።

አጀማመሩን በአጭሩ ላንሳ። ሱዳ ጌም ውስጥ ሳይገባ በፊት በቀብር አስፈጻሚነት ሠርቷል። በ1993 ሂዩማን ኢንተርቴይንመንት በተባለ የጌም ኩባንያ ተቀጥሮ የነፃ ትግል ጌሞች ላይ ተመደበ፤ በ1994ቱ «ሱፐር ፋየር ፕሮ ሬስሊንግ ስፔሻል» ተጫዋቹ ስንት ታግሎ ሻምፒዮን ያደረገው ጀግና በመጨረሻ ራሱን ያጠፋል። በ1998 ግራስሆፐርን አቋቋመ፤ በዓመቱ «ዘ ሲልቨር ኬዝ» ወጣ። ብዙ ንባብ ያለው የወንጀል ታሪክ ነው፤ ምስሉና ጽሑፉ በትናንሽ መስኮቶች ተከፋፍሎ ስክሪኑ ላይ ይበተናል። በእንግሊዝኛ የተገኘው ግን በ2016 ነው፤ ስለዚህ ከጃፓን ውጭ ያለ ተጫዋች ሱዳን ያወቀው ከመካከል ጀምሮ ነው።

ከመካከል ስል «ኪለር7»ን ማለቴ ነው። ካፕኮም በ2005 ለጌምኪዩብና ለፕሌይስቴሽን 2 አወጣው፤ የ«ሬዚደንት ኢቭል» አባት ሺንጂ ሚካሚም ከጀርባው ነበረ። ሃርማን ስሚዝ የሚባል በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሽማግሌ በውስጡ ሰባት ነፍሰ ገዳዮችን ይዟል። አጨዋወቱ ያን ጊዜ ብዙ ሐያሲ አስቆጥቷል። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ገጸ ባሕርዩ ወደፊት ይሮጣል፤ ሌላውን ሲጫኑት ፊቱን አዙሮ ይመለሳል፤ በቃ። መንገዱ ቀድሞ የተሰመረ ስለሆነ ምርጫ የሚመጣው መጋጠሚያ ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው።

ኮሪደሩ ባዶ ነው። ከዚያ ሳቅ ይሰማል። ሄቨን ስማይል የሚባሉት ጠላቶች በዓይን አይታዩም፤ ተጫዋቹ መቆም፣ መሣሪያውን መደገን፣ አካባቢውን ስካን ማድረግ አለበት። ያን ጊዜ ፈገግ ያለ ፍጡር እየተንገዳገደ ሲመጣ ይታያል። ገላው ላይ ቢጫ የሚያበራ ነጥብ አለ፤ እሱን የመታ ተኳሽ በአንድ ጥይት ይገላገላል፤ የሳተ ደግሞ ይፈነዳበታል። ከሰባቱ አንዱ ሲሞት ጋርሲያን የተባለው ሌላው ወደ ሞተበት ቦታ ይሄድና ጭንቅላቱን በወረቀት ከረጢት ይዞ ይመለሳል፤ ሟቹም እንደገና ይነሣል። እንዲህ እያለ ጌሙ የጃፓንንና የአሜሪካን ፖለቲካ ይተርካል። በነፃነት መሮጥ ቢቻል ኖሮ ያ ሳቅ አያስፈራም ነበር፤ ሐያሲዎቹ እንደ ጉድለት የቆጠሩት መታሰር የፍርሃቱ ምንጭ ነው። ይህን ፈጽሞ አልጠራጠርም።

ተመሳሳይ ሙግት በ«ኖ ሞር ሂሮስ»ም ተነሥቷል። ትራቪስ ተችዳውን በኢንተርኔት ጨረታ በገዛው የብርሃን ሰይፍ የነፍሰ ገዳዮችን የደረጃ ሰንጠረዥ የሚወጣ ወጣት ነው። ለእያንዳንዱ ፍልሚያ መመዝገቢያ ይከፍላል፤ ገንዘቡን ለማግኘት ደግሞ ሣር ያጭዳል፣ ኮኮናት ይለቅማል፣ ቆሻሻ ይሰበስባል። ሰይፉ ቻርጅ ሲጨርስ ተጫዋቹ የዊ ኮንሶሉን መቆጣጠሪያ እየናጠ ይሞላዋል፤ ስልክ ሲደወል ድምፁ ከመቆጣጠሪያው ስለሚወጣ ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል፤ ጌሙ ሴቭ የሚደረገውም ሽንት ቤት ተቀምጦ ነው። ከተማዋ ሳንታ ዲስትሮይ ባዶ ናት፣ ሥራው አሰልቺ ነው ተባለ። እውነት ነው፤ አሰልቺ ነው። የመግደል ሱስ ያለበት ሰው ኑሮው ይኸው መሆኑን ጌሙ እጃችን ላይ ያሳየናል። በ2010 ኖቡታካ ኢቺኪ የመራው ሁለተኛው ክፍል በከተማዋ መዞሩን አስቀረ፣ የመመዝገቢያ ክፍያውን ተወ፣ ሥራዎቹንም የጥንት ጌም የሚመስሉ አጫጭር ጨዋታዎች አደረጋቸው። ለመጫወት ይቀላል፤ ድሉ ግን ዋጋ አጣ።

ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ የሱዳን ልብስ የለበሱ የሌሎች ሥራዎች ናቸው። ማሲሞ ጓሪኒ የመራው «ሻዶውስ ኦቭ ዘ ዳምድ» (2011) አሳዛኙ ነው፤ ሱዳ የካፍካን «ዘ ካስል» ይዞ የጀመረው ሐሳብ በአሳታሚው በኢኤ ግፊት ደጋግሞ ተጽፎ ጋኔን በሚያሳድድ ጠመንጃ ታጣቂ ተጠናቀቀ። «ሎሊፖፕ ቼይንሶው» (2012) በደንብ ተሽጧል፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። «ኪለር ኢዝ ዴድ» (2013) ለዓይን ድንቅ ነው፤ ሴቶችን እየሰረቁ በማየት ነጥብ የሚያስቆጥረው ክፍሉ ግን ያሳፍራል፣ ስታይል ነው ተብሎም አይታለፍም።

ሱዳ በ«ትራቪስ ስትራይክስ አጌን» ሲመለስ ገንዘቡ ጥቂት፣ ጌሙም ትንሽ ነበር፤ ድምፁ ግን የራሱ ነው። በ2021ዱ «ኖ ሞር ሂሮስ 3» ክፍያውንም ሣር አጨዳውንም መለሳቸው። በዚያው ዓመት ግራስሆፐር የቻይናው ኔትኢዝ ንብረት ሆነ። ስለዚህ ስለ «ሮሚዮ» የምጠይቀው ስለ አጨዋወቱ ነው እንጂ ስለ ሥዕሉ አይደለም፤ የሱዳ ጌም መልኩ ደብዝዞ አያውቅም። ባለሀብቱ ገንዘብ ሲያወጣ አጨዋወቱን አለስልሱልኝ ማለቱ ያለ ነው፤ ሱዳ ዳይሬክተር ከሆነ እምቢ የማለት ዕድሉ ከፍ ይላል።

ሱዳን ጨርሶ የማያውቅ ሰው በ«ኪለር7» ይጀምር። ከ2018 ጀምሮ በስቲም ለኮምፒውተር ስለሚገኝ አሮጌ ኮንሶል መፈለግ አያስፈልግም። ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ይስማው፤ ሳቁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለመለየት ይረዳል።